የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ለምን ያጠራጥራል? ስለ ገና ዛፉና ስለ መጀመሪያዎቹ ባለ ድምፅ ፊልሞች

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ የታሪክ መምህር በትምህርት ቤታቸው የበዓል ዝግጅት ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ የገና ዛፍ መብራት ሲያበሩ የሚያሳይ አጭር ፊልም ለተማሪዎቻቸው አሳዩ። ከሥሩ «1923» የሚል ጽሑፍ አለበት። መዝሙር ይሰማል፣ የሕዝብ ጫጫታ ይሰማል፣ ፕሬዚዳንቱም በቀጭን ድምፅ ጥቂት ቃላት ይናገራሉ። ከተማሪዎቹ ገሚሱ ሳቁ፤ አንዲት ልጅ «ይህ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ብላ ተከራከረች። መምህሩ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ድምፁ እውነተኛ ነው ወይ? ሰውየው ለምን እንደዚያ ተገትረው ይናገራሉ? በዚያ ዘመን ያዩት ሰዎችስ እንደ እኛ ሳቁ ወይስ ተደነቁ?

የተከበሩ መምህር፣ ሥራዬ የቆዩ ፊልሞችን ድምፅ ማደስ ስለሆነ ጥያቄዎን በደስታ ነው ያነበብኩት። በገለጹልኝ መሠረት ልጅቷ ግማሽ መንገድ ትክክል ናት። ሰዎች እንዲህ ያለ ፊልም ሲያዩ ብዙ ጊዜ የሚጠረጥሩት እውነተኛውን ክፍል ነው፤ ሳይጠራጠሩ የሚቀበሉት ደግሞ በኋላ የተጨመረውን። ቀጭኑ ድምፅና የተገተረው ሰውነት የዘመኑ ናቸው። መዝሙሩና ጫጫታው ግን፣ ዓመቱ በእርግጥ 1923 ከሆነ፣ የዘመኑ ሊሆኑ አይችሉም።

ከዓመቱ እንጀምር። (ዘመኑን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዲሴምበር 24 ቀን 1923፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ኩሊጅ ከዋይት ሐውስ በስተደቡብ ወዳለው ኤሊፕስ የተባለ ሜዳ ወጥተው የመብራቱን ማብሪያ ተጫኑ። ዛፉ ከትውልድ ግዛታቸው ከቬርሞንት፣ ከሚድልበሪ ኮሌጅ የተላከ ሲሆን ቁመቱ 48 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ያህል ነበር። 2,500 ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ አምፖሎች ተሰክተውበት ነበር። ዛሬ በየዓመቱ የሚከበረው ብሔራዊ የገና ዛፍ ሥርዓት የተጀመረው በዚያ ምሽት ነው። አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፦ ይህ ሰው በዚያው ዓመት ኦገስት 3 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ኤሌክትሪክ ባልገባበት የአባቱ ቤት፣ በላምባ ፋኖስ ብርሃን ቃለ መሐላ ፈጽሞ ነው ፕሬዚዳንት የሆነው። አምስት ወር ሳይሞላ የኤሌክትሪክ ዛፍ አበራ።

ዋናው ጉዳይ ግን ኩሊጅ በዚያ ምሽት ንግግር አለማድረጋቸው ነው። ማብሪያውን ተጫኑ፣ በቃ። «ዝምተኛው ካል» የሚለውን ቅጽል ስም በከንቱ አላገኙትም። ስለዚህ «1923» ተብሎ በተጻፈበት ፊልም ላይ ሲናገሩ ከተሰሙ፣ ወይ ዓመቱ ተሳስቷል ወይ ድምፁ ከሌላ ቦታ መጥቷል።

ድምፅና ምስልን በአንድ ፊልም ላይ ማተም በዚያን ጊዜ የማይታወቅ ነገር አልነበረም። ሊ ደ ፎረስት የተባለው ፈልሳፊ ፎኖፊልም ያለውን ሥራውን በኤፕሪል 1923 በኒውዮርክ ሪቮሊ ቲያትር ለሕዝብ አሳይቷል። በሥልጣን ላይ ያለ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በባለ ድምፅ ፊልም የተቀረጸው ግን ኦገስት 11 ቀን 1924 ነው፤ ቦታው የዋይት ሐውስ ግቢ፣ ሰውየውም እነዚሁ ኩሊጅ። ስለ ግብር እና ስለ መንግሥት ወጪ ቁጠባ የተጻፈ ንግግር ያነባሉ። ዓመቱ የምርጫ ዓመት ስለነበር ደ ፎረስት ተፎካካሪዎቻቸውን ጆን ዴቪስንና ሮበርት ላ ፎሌትንም ቀርጿቸዋል። ከዚያ በፊት የነበሩ ፕሬዚዳንቶች ድምፅ በሸክላ ተቀርጾ ነበር፣ ምስላቸውም በድምፅ አልባ ፊልም ተነሥቶ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ይህን የ1924 ፊልም ካላዩት ይዩት፤ ተመልካች የሚሰጠው ስሜት በሚያውቀው ነገር ላይ ምን ያህል እንደሚንጠለጠል የሚያሳይ ነው። ምንም ሳይነገረው የሚያየው ሰው ኩሊጅን ፊቱን ያጨፈገገ፣ ወረቀቱን እንደ ዕዳ የሚያነብ አሰልቺ ባለሥልጣን አድርጎ ይወስዳቸዋል። ብዙዎች ይስቃሉ። ፊልሙ ከመነሣቱ አምስት ሳምንት በፊት፣ ጁላይ 7፣ የ16 ዓመት ልጃቸው ካልቪን ሞቶባቸዋል። ልጁ ያለ ካልሲ ቴኒስ ሲጫወት እግሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጣበት፤ ቁስሉ አመርቅዞ ደሙን መረዘው፤ ፔኒሲሊን ገና አልነበረም። በ1924 ፊልሙን ያየ አሜሪካዊ ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር። እርስዎ ለተማሪዎችዎ ያሳዩት ምስል በእርግጥ የ1923 ከሆነ ደግሞ ሁለቱም የኩሊጅ ወንዶች ልጆች በሕይወት የነበሩበት የመጨረሻው ገና ነው።

ወደ ድምፁ ልመለስ። ከደ ፎረስት ጋር ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ኬዝ በ1925 ተጣልቶ ተለየ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከፊልም ኩባንያ ባለቤቱ ከዊልያም ፎክስ ጋር ሆኖ ሙቪቶን የተባለውን ዘዴ ለገበያ አቀረቡ። ሜይ 20 ቀን 1927 አውሮፕላን አብራሪው ሊንድበርግ ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ ሲነሣ የፎክስ ሰዎች የሞተሩን ድምፅ ጭምር ቀረጹ። ጁን 11 ደግሞ ዋሽንግተን ላይ በተደረገለት አቀባበል ኩሊጅ ሲናገሩ ቀረጹ፤ ዝምተኛው ሰው በዚያ ቀን ረጅም ንግግር ነበር ያደረጉት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሙቪቶን በመደበኛነት የሚወጣ ባለ ድምፅ የዜና ፊልም ሆነ። ኩሊጅ ሥልጣን የለቀቁት በማርች 1929 ነው። እንግዲህ በገና ዛፍ ሥር በገዛ ድምፃቸው የሚናገሩበት ፊልም ሲያጋጥመን በተግባር የምናስበው የ1927ን ወይም የ1928ን ገና ነው።

ቦታውም ይመሰክራል። በኩሊጅ ዘመን ዛፉ በኤሊፕስ ሜዳ የቆመው በ1923 ብቻ ነው፤ ከ1924 እስከ 1933 ከግምጃ ቤቱ ሕንፃ አጠገብ፣ የጄኔራል ሸርማን ሐውልት ባለበት አደባባይ ነበር። ከ1934 ጀምሮ ላፋየት ፓርክ፣ በ1939 እንደገና ኤሊፕስ፣ በ1941 ደግሞ ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ገባ። በምስሉ ላይ ከሰውየው ጀርባ በፈረስ ላይ ያለ ሐውልት ወይም የግምጃ ቤቱ ዓምዶች ከታዩ «1923» የሚለውን ጽሑፍ ያለ ማመንታት ይሰርዙት።

ስለ ቴክኒኩ ትንሽ ብቆይ ይታገሡኝ፤ የልጅቷ ጥርጣሬ የሚፈታው እዚህ ላይ ነውና። በሙቪቶን ካሜራ ውስጥ በጋዝ የተሞላ ትንሽ አምፖል አለ። ማይክሮፎኑ የያዘው ድምፅ በማጉያ አልፎ አምፖሉን ያደምቀዋል፣ ያደበዝዘዋል። ያ የሚርገበገብ ብርሃን በጣም ጠባብ በሆነ ስንጥቅ ወጥቶ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ ከምስሉ ጎን 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ቀጭን ዱካ ትታያለች፤ አጉልተው ሲያዩዋት አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ ያለ፣ እንደ መሰላል የተደረደሩ የአግድም መስመሮች ናቸው። የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ማለት እነዚያ መስመሮች ናቸው። አጣቢው ፊልሙን ከሚገባው በላይ ቢያጠቁረው ድምፁ ይሻክራል።

ከዚህች ዱካ ብዙ ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ ቦታዋን የወሰደችው ከምስሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ባለ ድምፅ ምስል ወደ አራት ማዕዘን እኩልነት የተጠጋ፣ ጠበብ ያለ ነው። በኋላ በወጣው የሲኒማ ልክ ሲታተም የባርኔጣው አናት ይቆረጣል፣ ወይም ሰውየው ወደ አንድ ወገን ያጋደሉ ይመስላሉ። «ይህን ያነሣው ሰው ማንሣት አይችልም ነበር እንዴ?» የሚያሰኘው ይህ ነው። የካሜራ ባለሙያው ጥፋት የለበትም።

ሌላው፣ ምስሉ በሌንሱ ፊት ቆም እያለ ነው የሚያልፈው፤ ድምፅ ግን ሳያቋርጥ በሚፈስ ፊልም ላይ ካልታተመ ይንተባተባል። ስለዚህ ድምፁ የሚታተመው ከምስሉ 20 ፍሬም (በፊልሙ ላይ የተደረደሩት ነጠላ ምስሎች እያንዳንዳቸው ፍሬም ይባላሉ) ያህል ርቆ ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚያልፍ፣ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ያነሰ ጊዜ ማለት ነው። ድምፅና ምስል በአንድ ፊልም ላይ ስለነበሩ አዘጋጁ በመቀስ አንድ ቦታ ሲቆርጥ የምስሉንና የድምፁን ተመሳሳይ ቅጽበት መቁረጥ አይችልም። ምስሉን ተከትሎ ከቆረጠ የመጀመሪያው ቃል ይጠፋል፤ ወይም የቀደመው ሰው ድምፅ ጭራ በሚቀጥለው ሰው አፍ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ሲሉ ረጅም ጊዜ ሳይቆርጡ ያነሡ ነበር። በገና ፊልምዎ ላይ ምስሉ ከዛፉ ወደ ሕዝቡ፣ ከሕዝቡ ወደ ፕሬዚዳንቱ በየሁለት ሰከንዱ እየዘለለ መዝሙሩ ግን አንድም ቦታ ሳይሰበር የሚፈስ ከሆነ፣ ያ መዝሙር በኋላ የተለጠፈ ነው።

ስለ ቀጭንነቱ ደግሞ፦ በዚያን ዘመን የተቀረጸ ድምፅ ከ5,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) በላይ ያለው እምብዛም አይተርፍለትም፤ ከሥር ያለው ወፍራም ክፍልም ይሸሻል። የሚቀረው መሐሉ ነው፤ መሐሉ ደግሞ የአፍንጫ ድምፅ መኖሪያ ነው። ኩሊጅ የቬርሞንት ገጠር ሰው እንደመሆናቸው በተፈጥሯቸው በአፍንጫ የሚናገሩ ነበሩ። መሣሪያው ያላቸውን አጎላው እንጂ የሌላቸውን አልሰጣቸውም። በ1924ቱ ፊልም ላይ ሌላም ምክንያት ይጨመራል፤ በሰከንድ 24 የሚለው ልክ የጸናው ከ1926 በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ፍጥነት የተቀረጸውን የደ ፎረስት ፊልም በዛሬው ልክ ሲያጫውቱት ድምፁ ከእውነተኛው ይቀጥናል።

ከዚያ የከፋው ግን የቅጂ ቅጂ ነው። በኢንተርኔት ላይ የሚዞረው አብዛኛው ነገር 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ፊልም ወደ 16 የተቀነሰ፣ ከዚያ ወደ ቪዲዮ ካሴት የተገለበጠ፣ ከዚያ የተጨመቀ ነው። በየደረጃው ድምፁ ይሳሳል። ንጹሕ የመጀመሪያ ቅጂ የሰማ ሰው በጥራቱ ይገረማል፤ ከንግግሩ ኋላ የጫማ ኮቴ፣ የወረቀት መንኮሻኮሽ፣ ከሩቅ የሚያልፍ መኪና ይለያል። በዚህ ላይ ዛሬ በኮምፒውተር «አጸዳን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ በፊት በተቀረጸ ፊልም ላይ ሰውየው ዝም ባለ ቁጥር እሽታው፣ ማለትም ፊልሙ ራሱ የሚያወጣው የ«ሽሽሽ» ድምፅ፣ መሰማት አለበት፤ ጸጥታውን ጸጥ የሚያሰኘው ዘዴ ገና አልመጣም ነበርና። በቃላቱ መሐል ያለው ጸጥታ ድርቅ ያለ፣ ቃላቱም ከውኃ ሥር የሚወጡ ከመሰሉ፣ የጽዳቱ ፕሮግራም ከእሽታው ጋር የድምፁን ሥጋ አብሮ በልቶታል። «በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ያለችው ልጅ የሰማችው ይህንን ሊሆን ይችላል፤ ጆሮዋ አላታለላትም።

ዓይንም የራሱ ወጥመድ አለው። ሰው የለመደው የድሮ ፕሬዚዳንቶችን እንደ ጉንዳን ሲሯሯጡ ማየት ነው፤ በእጅ እየዞረ በሰከንድ 16 ወይም 18 ፍሬም የተነሣውን ድምፅ አልባ ፊልም በ24 ስለሚያጫውቱት። ባለ ድምፅ ፊልም ላይ ፍጥነቱ ቋሚ ነው፤ ሰዎቹ እንደ እኛ ይራመዳሉ፣ እንደ እኛ ራሳቸውን ያካሉ። ይህ ተፈጥሯዊነት ነው ብዙዎችን «ውሸት ነው» የሚያሰኛቸው። በተቃራኒው ቀለም ተቀብቶ፣ በየፍሬሞቹ መካከል በኮምፒውተር የተሠሩ ተጨማሪ ምስሎች ገብተውበት፣ ፊቱ እንደ ሰም የለሰለሰው ቅጂ «ሕይወት ዘራ» ተብሎ ይወደዳል። የዛፉን ነገር ብቻ ልንገርዎት፦ በዚያ ዘመን በብዛት ይሠራበት የነበረው አንዱ የፊልም ዓይነት ቀይ ብርሃንን አያይም። በእንዲህ ያለ ፊልም የተነሣ ዛፍ ላይ ቀዮቹ አምፖሎች ጠፍተው ነጮቹ ይደምቃሉ፣ የሰዎቹም ከንፈር ይጠቁራል። አሁን ቀለም የሚቀባው ሰው የሚቀባው የገመተውን ነው።

ሰውየው ለምን እንደዚያ ይገተራሉ ላሉት፤ መገተር ነበረባቸው። ማይክሮፎኑ ከቆመበት አይንቀሳቀስም፤ ሁለት እርምጃ ቢርቁ ድምፁ ይጠፋል። ምሽቱ ጨለማ ስለሆነ ኃይለኛ መብራት ፊት ለፊታቸው ተተክሏል፤ ዓይናቸው የሚጨፈነው ለዚያ ነው። ወረቀቱን በእጃቸው ይዘዋል፣ ብርድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ለካሜራ መናገር ምን እንደሆነ ገና ማንም አያውቅም። የፖለቲካ ሰው ያደገው ያለ ድምፅ ማጉያ አደባባይ ላይ ወይም ለሬዲዮ እየተናገረ ነው። ካሜራ ግን አያጨበጭብም። ስለዚህ በእነዚህ ፊልሞች ላይ እኔ ሁልጊዜ የማየው ንግግሩን ሳይሆን መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው፦ ምልክት እስኪሰጣቸው የሚጠብቁበትን ጊዜ፣ ከጨረሱም በኋላ «አበቃ?» በሚል ዓይን ወደ ጎን የሚያዩበትን። የሲኒማ ቤት ተመልካች ይህን አላየም፤ ተቆርጦ ይጣል ነበር። ፎክስ በ1980 ለሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ባስረከበው ክምችት ውስጥ ግን እንዲህ ያሉ ያልታተሙ ቁራጮች በብዛት ተርፈዋል፤ እኛ ከያኔው ተመልካች የበለጠ ማየታችን ይገርማል።

የያኔው ተመልካችስ? ስለ ሊንድበርግ መነሣት የተነሣው ፊልም በዚያው ምሽት በኒውዮርኩ ሮክሲ ሲኒማ ሲታይ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ብድግ ብሎ ለብዙ ደቂቃ ጮኸ፣ አጨበጨበ። የተሰማው የሞተር ጩኸት ነው፤ አንድም ቃል የለበትም። በፊልሙ ጥራት ማንም አልተከፋም፣ የሚያወዳድሩበት የተሻለ ነገር አልነበራቸውምና። የፕሬዚዳንቱን ድምፅ ደግሞ ሕዝቡ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ኩሊጅ በዲሴምበር 1923 ለኮንግረስ ያደረጉት ዓመታዊ ንግግር በሬዲዮ ተላልፏል። አዲስ የሆነባቸው በጆሮ የሚያውቁትን ድምፅ ከሚንቀሳቀስ አፍ ላይ ማየት ነው። ፕሬዚዳንቱን በአካል አይቶ የማያውቅ የገጠር ሰው፣ በቅርብ፣ ከፊት ረድፍ ካለ ሰው በላይ በቅርብ አያቸው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች የያኔውን ሕዝብ በየዋህነት የተደመመ አድርገው ያቀርቡታል፤ እኔ አልስማማም። የዚያ ዘመን ሰው ፕሬዚዳንቱ አሰልቺ ሲሆኑበት አሰልቺ መሆናቸውን አውቋል።

ከኩሊጅ ቀጥሎ የመጡት ኸርበርት ሁቨር ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ወረቀታቸውን እያዩ ባንድ ቃና የሚያነቡ ሰው ነበሩ። በ1929 የመጀመሪያ ገናቸው፣ አክሲዮን ገበያው ከወደቀ ሁለት ወር ብቻ አልፎት፣ ዲሴምበር 24 ዛፉን አበሩ። በዚያው ምሽት ለሠራተኞቻቸው ልጆች ግብዣ ላይ እንዳሉ የዋይት ሐውስ ምዕራባዊ ክንፍ ተቃጠለ። ልጆቹ እንዳይደነግጡ የባሕር ኃይል ወታደሮች ባንድ ሙዚቃውን ቀጠለ፤ ሁቨር ወጥተው ሲጠፋ ተመለከቱ። በሚቀጥለው ዓመት ለልጆቹ የተሰጣቸው ስጦታ የእሳት አደጋ መኪና አሻንጉሊት ነበር። ተማሪዎችዎ ከንግግሩ ይልቅ ይህን ታሪክ ይወዱታል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ቅርብ የሆነ ማነጻጸሪያ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ በአማርኛ ያደረጉት ንግግር በዜና ፊልም ተቀርጿል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ እሽታ አለው፣ ንጉሡም ተገትረው ከወረቀት ያነባሉ። ማንም ኢትዮጵያዊ ግን ሲስቅ አላየሁም። ከኩሊጁ ፊልም በኋላ ይህን ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩና የቱ ለምን እንዳሳቃቸው፣ የቱ ለምን እንዳላሳቃቸው ቢጠይቋቸው እኔ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለ ውይይት ይወጣዋል።

ለሚቀጥለው ዝግጅት የ1924ቱን የኩሊጅ ፊልም ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ማግኘት ይችላሉ፤ የሙቪቶን የዜና ፊልሞችንም ሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ቀለም ያልተቀባውንና ሙዚቃ ያልተጨመረበትን ይምረጡ። አሁን በእጅዎ ያለውን የገና ፊልም ደግሞ አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግተው፣ አንድ ጊዜ ዓይንዎን ጨፍነው ያጫውቱት። ድምፁን ዘግተው ሲያዩት ሰዎቹ ከተጣደፉ ምስሉ ድምፅ አልባ ፊልም ነበር፤ ዓይንዎን ጨፍነው ሲሰሙት መዝሙሩ ከንግግሩ ይልቅ ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ መዝሙሩ ከሌላ ዘመን ነው።